እየተሰረዘ የሚመለሰው ደንበኛ

«አንዲት ቃል ከጨመርኩ ምላሴ ይቆረጥ!» አለ ዳምጠው። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ስንዱ ሠራተኞቹን የሰበሰቡት ለአንድ ጥያቄ ነው፦ ማስታወቂያ ከሚላክበት ድረ-ገጽ ተወስዶ ኮምፒውተር ላይ የተከማቸውን የደንበኞች ዝርዝር ማን አጠፋው? አጥፊው ዛሬውኑ ይባረራል።

«ጠዋት ዝርዝሩን ስከፍተው፣ እትዬ ስንዱ፣ አገር የሚያህል ደንበኛ እልም ብሏል! የቀረው አንድ ስም ብቻ፤ አምና የቀበርነው ፕሮግራመራችን መርዕድ። ሌላ ሰው ቢሆን ልቡ ቀጥ ባለች! እኔ አማተብኩና ሰረዝኩት። ፕሮግራሙን ሳስነሣው ተመልሶ ቁጭ! ብሰርዘው፣ ብሰርዘው፣ ይመለሳል። ኪቦርዱ እንደ መቃብር ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ያጠፋው ሟቹ ነው ስላችሁ!»

ሁሉም ወደ መርዕድ ባዶ ወንበር ዞሩ። አንዷ አማተበች። ዳምጠው ይህን ሲያይ ደስ አለው።

ኮዱን ከመርዕድ ጋር የጻፈችው አስካለ ድምጿን ሳታነሣ ተናገረች።

«ዳምጥዬ፣ እኛ የምንጽፈው ኮዱን ነው፤ ደንበኞቹ የሚመዘገቡበትን ሰንጠረዥ ፕሮግራሙ ራሱ ከኮዱ ይሠራዋል። መርዕድ ለሙከራ ብሎ የራሱን ስም ኮዱ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ስሙን ይመልሰዋል። ትናንት ሰንጠረዡን ከነደንበኞቹ አፍርሶ እንደ አዲስ ባዶውን እንዲሠራ ስታዘው ግን፣ ከጎንህ ተቀምጬ ነበር።»