ሦስተኛው ድምፅ

ልጆቼ፣ አንድ ዓይነ ስውር መካኒክ ነበሩ። ሞተርን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። «ሞተር አንድ ድምፅ ብቻ የለውም፤ ከታች ወፍራሙ አለ፣ ከላዩ እጥፉ፣ ከዚያ ሦስት እጥፉ። ጫጫታ ቢውጣቸውም አንዱን ያገኘ ሌሎቹን አያጣቸውም» ይሉ ነበር። በገዛ እጃቸው ገጥመው ለልጃቸው በሰጡት የጭነት መኪና ሞተር ላይ ግን ሦስተኛው ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ሊያስተካክሉት ሲሉ ልጁ፣ «ይተዉት አባባ፣ መምጣቴን በእሱ ያውቃሉ» አላቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አብሮት የሚነዳው ባልንጀራው ይርዳው እያለቀሰ መጣ። «መኪናው ከነልጅዎ ወንዝ ገባ፤ አንድ ብሎን እንኳ አልተገኘም።» አባትም አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ተቀመጡ።

ዘንድሮ ይርዳው ወፍጮ ቤት ከፈተ። የመጀመሪያው እህል ከመፈጨቱ በፊት ሽማግሌ ይመርቃልና፣ እኚህኑ አባት እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ቀበቶው ያፏጫል፣ ድንጋዩ ያጓራል፣ እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ይንጫጫሉ።

«ሞተሩ አሮጌ እንዳይሆን ብቻ!» አለች አንዷ።

«ምን ነካሽ እቴ? ከነካርቶኑ ነው የመጣው!» ብሎ ሳቀ። «በሉ አባቴ፣ ይመርቁልኝ።»

ሽማግሌው እጆቻቸውን ዘረጉ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። ወፍራሙን ድምፅ አገኙት። እጥፉንም አገኙት። ሦስተኛው ተንቀጠቀጠ።

«ይርዳው፣ ልጄን የት ቀበርከው?»

በጫጫታው ያልሰሙት፣ ከኋላ የቆሙት ሴቶች፣ «አሜን!» አሉ።