የእትዬ እማዋይሽ ልመና

ነርስ ትርሲት ማስታገሻ ይዛ ጎረቤላ በሄደች ቁጥር፣ ካንሰር አልጋ ላይ የጣላቸው እትዬ እማዋይሽ አንድ ነገር ብቻ ይለምኗታል።

«ልጄ፣ መርፌውን አብዢልኝና ልገላገል።»

«እሱንስ አልችልም እትዬ፤ ሕመሙን ግን ላስታግስልዎ» ትላለች።

ዛሬ ደጁ ላይ የእድር ድንኳን ተተክሏል። ትርሲት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ገባች።

«እናቴ ጎህ ሲቀድ አረፈች» አለቻት ልጃቸው መስከረም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቀብሩን ያቆየነው አንቺን ስለምትፈልግሽ ነው።»

እትዬ እማዋይሽ ተገንዘው አቡጀዲ ለብሰዋል። የእግራቸው አውራ ጣቶች በፈትል ታስረዋል። ትርሲት እጇን ከአቡጀዲው ሥር ሰዳ የደም ሥራቸውን ዳሰሰች፤ አይመታም። ልትነሳ ስትል ቀዝቃዛው እጅ ጨበጣት።

«መጣሽ ልጄ?» አሉ። «ይኸው፣ ሞቼም ሕመሙ አልተወኝ።»