የመምህር ታዴዎስ ዳጉ

«የዝንጀሮውን ነገር እንዳታነሺ፤ ወሬው አገር ቤት ከደረሰ ለወንድሜ ተዝካር ማን ይመጣል?» አለ አጎቷ ወልደ ኢየሱስ በማርቲ ጆሮ። ለለቅሶ ከደብረ ብርሃን ሰመራ የገባው ትናንት ነው።

ማርቲ መልስ ሳትሰጠው የአፋር ሽማግሌው ሁመድ ዱላቸውን ይዘው የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገቡ። አፋር ሲገናኝ አስቀድሞ ዳጉ የሚለውን ወሬ ይለዋወጣል። ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ የተቀበለውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለቀጣዩ ያደርሳል።

«ዳጉ ንገሪኝ ልጄ» አሉ ምንጣፉ ላይ እየተቀመጡ። «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«መምህር ነበር። ደህና ክርስቲያን። በቃ» ብሎ አጎቷ ቀደማት።

«አንተ አብረኸው ኖረሃል?»

«የለም፣ እኔ እንኳን...»

«እንግዲያው ያየችው ትናገር።»

የአጎቷ ክርን ጎኗን ነካት። አባቷ ይህን የዝንጀሮ ነገር ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያውቅም ነበር። ወላጅ በር ላይ ቆሞ ሲሰማውም፣ ቄስ ሲቆጡትም። ማርቲ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አባቴ ሰው በሚሊዮን ዓመታት ከእንስሳ እየተለወጠ እንደመጣ ያስተምር ነበር። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አማትቦ ነበር ከቤት የሚወጣው።»

«ሰምተሽ ነው አይተሽ?»

«አይቼ።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም። ተማሪውም ነበርኩ።»

ወልደ ኢየሱስ አቀረቀረ። ከጥግ በኩል የወሎው ባለሱቅ ከማሉዲን እንባውን እየጠረገ ሳቀ።

«ወላሂ እውነቷን ነው! አላህ አደምን ከጭቃ ነው የፈጠረው ስለው፣ ‹አዎ ከማል፣ ጭቃው ግን ስንት ዘመን ተቦካ?› ይለኝ ነበር። አሁን ከማን ጋር ልከራከር?»

ለቀስተኛው ሳቀ፤ ሳቁም መልሶ ልቅሶ ሆነ። ሁመድ ፈገግ አላሉም። ዳጉውን ተቀብለው ጨረሱ፣ ተነስተው ወጡ።

አስፋልቱ ዳር ከሰርዶ በመጣ የጭነት መኪና የደረሰ ሰው እየወረደ ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። ድምፃቸው ድንኳኑ ድረስ አይሰማም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን መሬት አስጠጉ፤ ከዚያ ቀስ፣ በጣም ቀስ እያሉ እስከ ጉልበት፣ እስከ ደረት፣ እስከ ግንባራቸው አነሱት።

«ምን እያሉት ነው?» አለ አጎቷ።

«የአባቴን ትምህርት» አለች ማርቲ፣ ብድግ ብላ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆማ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንዳይሳሳት ብሎ ይመስላል፣ እሱም ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከመሬት ጀመረ።