ቀዩ መብራት

የመመርመሪያው መሣሪያ ለመካኒኩ እውነቱን ነግሮታል፤ የኤሌክትሪክ መኪናዋ የፍሬን ኮምፒውተር ከዋናው ኮምፒውተር ጋር ያለው ግንኙነት ይቆራረጣል።

«ቁልቁለት ላይ ትከዳለች» አለ መካኒኩ።

«የማስጠንቀቂያ መብራቷን ብቻ አጥፋልኝ፤ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» አለ ባለቤቱ። «ሰባኪ ሆንክ እንዴ?»

የመካኒኩ ደም ፈላ። ግን እሱ እምቢ ቢል ጎረቤት ያለው ጋራዥ መብራቷን እንደሚያጠፋ ያውቃል። በመሣሪያው የስህተቱን ምልክት ብቻ ሰረዘው፤ ቀዩ መብራት ጠፋ። መኪናዋም ሐምራዊ የሰርግ ሪባኗን መስታወቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቱ ደወለች።

«ወንድምዓለም፣ መኪና ገዛሁ። እንዳስተማርከኝ መጀመሪያ ዳሽቦርዱን አየሁ፤ አንድም መብራት አልበራም።»

«ምን ዓይነት ናት?»

«ኤሌክትሪክ። ሐምራዊ የሙሽራ ሪባኗ እንኳ ገና አልተፈታላትም። አሁን ልጆቹን ይዤ ከእንጦጦ እየወረድኩ ነው።»