የሰዓዲያ የክትባት ካርድ

«እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ! ፋይል ከመደርደር በቀር እጄን ያስገባሁበት ነገር የለም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ...

ተናጋሪው አቶ ጉልላት ነው። አቡ ዳቢ፣ አል ሪም ደሴት ላይ ትልቅ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ከረባቱ የማይላላ ሰው። እዚያ ላሉ ኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ ሊቀመንበርነት እየተወዳደረ ስለሆነ፣ ድምፅ ፍለጋ አል ዐይን ከተማ ድረስ መጥቷል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ?

አገር ቤት እያለ የሠራበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዱ ወጥቷል። የልጆችን ዕድሜ በወረቀት እየጨመረ ወደ ዓረብ አገር ሲልክ እንደነበር ሰሞኑን በየስልኩ ተበትኗል።

እና ሰውየው «እኔ የለሁበትም» ሊል ነው የመጣው።

ሁሉም ሲያጨበጭብ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ሰዓዲያ አላጨበጨበችም።

ሰዓዲያ የወሎ ልጅ ናት። እዚያው አል ዐይን፣ አል ጂሚ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት። ፓስፖርቷ «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው» ይላል። አብራት የምትሠራው ነጃት እንኳ «እትዬ ሰዓዲያ» ነው የምትላት።

እሷ ግን ሠላሳ ዘጠኝ እንዳልሆነች ታውቃለች... ወደዚህ የላካት ደላላ «ሃያ አራት ነኝ በይ» ሲላት ገና ልጅ ነበረች። እንደተባለችው አለች። የተወለደችበት ቀን የተጻፈበትን ብቸኛ ወረቀት፣ የክትባት ካርዷን፣ ያው የአቶ ጉልላት መሥሪያ ቤት ተቀብሎ አልመለሰላትም። እናቷ ደግሞ ሞተዋል። ማንን ትጠይቅ?

ይህ ሁሉ ምን ያደርግላታል ትሉ ይሆናል።

እዚያው አል ዐይን የስልክ መለዋወጫ የሚሸጠው ዐብዱራህማን ሊያገባት ሽማግሌ ሊልክ ነበር። እናቱ ከደሴ ደውለው «የአርባ ዓመቷን? መቼ ልትወልድልህ ነው?» አሉት። እሱም «ካርድሽን ካገኘሽ እናቴን አሳምናለሁ» አላት።

ሰዓዲያ እጇን አወጣች።

«አቶ ጉልላት፣ መዝገብ ቤት ነበርኩ አሉ አይደል?»

«አዎ እህቴ!»

«እንግዲያው የኔን የክትባት ካርድ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት። ሰዓዲያ ይማም እባላለሁ። ይስጡኝ።»



ሰውየው ውሃ ተጎነጨ። ድጋሚ ተጎነጨ።

«እሱ እንኳ... ያ ሁሉ ወረቀት ተቃጥሏል እህቴ።»

«እሺ» ብላ ተቀመጠች።

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። አብራት የመጣችው ነጃት ጎኗን እየጎሸመች «አንድ ነገር በይ እንጂ እትዬ!» ብትላት፣ «ምን ልበል? ተቃጥሏል አለ እኮ» አለች።

ወሬው ዐብዱራህማን ጋ ሳይውል ሳያድር ደረሰ። «በቃ፣ ኸላስ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እሷም የአሠሪዋን የማዳምን ልጆች ዩኒፎርም መተኮሷን ቀጠለች። ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ደንዝዟል። ቢቆነጥጧት የሚያማት አይመስልም።

ሦስት ሳምንት አለፈ...

ምርጫው እሁድ ሊሆን፣ አርብ ከሰዓት አንድ መኪና ቪላው በር ላይ ቆመ። አቶ ጉልላት ነው። ከረባት አላሰረም። አድራሻዋን ከስብሰባው አስተባባሪዎች ጠይቆ ነው የመጣው።

«አልተቃጠለም» አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት። በመኪናው መስኮት ቢጫ ካርድ ዘረጋላት።

ስሟ፣ የእናቷ ስም... ትውልድ፦ ጥር 1988 ዓ.ም.

ሃያ አራት ተብላ ስትላክ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ናት።

ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዕድሜዋ 24 ተብሎ ይሞላ» ይላል። ከሥሩ ስምና ፊርማ... ጉልላት።

«ፋይል ብቻ ነው የምደረድረው ብለው አልነበር?»

እጁን ወደ መሪው መለሰ።

«ስንት ነን?»

«ካርቶን ሙሉ ናችሁ። ከአገር ስወጣ ይዤው ወጣሁ። ቤቴ ነው ያለው።»

«ለኛ ብለው ነው ያስቀመጡት?»

«አይደለም... ለመመለስም ፈራሁ፣ ለማጥፋትም ፈራሁ። ያን ቀን እሺ ብለሽ መቀመጥሽ ግን ከልቤ አልወጣም። እሁድ ምርጫው ነው። ፊርማዬ እጅሽ ላይ ነው። እንደፈለግሽ አድርጊ።»

መኪናው ሄደ።

ነጃት በሩጫ መጣች። ካርዱን ስታይ እልል ማለት ቀራት።

«ፎቶ አንሺው! አሁኑኑ እንልቀቀው፣ ጉዱን ሰው ይይለት! ለዐብዱራህማንም ላኪለት!»

«ዐብዱራህማን ትናንት ከሌላ ሴት ጋር ኒካሕ አሰረ» አለች ሰዓዲያ።



ሰዓዲያ ደስታው እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። ንዴቱም አልመጣም። አሥር ዓመቷ ተመለሰላት፤ ምን እንደምታደርግበት ግን ጠፋት።

«አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?» አለቻት።

«ሠላሳ አራት... ምነው?»

«ታላቄ ነሽ ለካ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት በስምሽ ስጠራሽ... እትዬ ነጃት።»

ነጃት እዚያው በሩ ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። ሰዓዲያ አላለቀሰችም። ማዳም ከውስጥ ስትጣራ፣ ካርዱን ደረቷ ውስጥ ከትታ ገባች።

ወገኖቼ... ጉልላት እውነቱን ተናግሯል። ግን ሰው ሁሉ በሰማበት አዳራሽ ዋሽቶ፣ ማንም በማይሰማበት የመኪና መስኮት ነው የተናገረው። በመካከሉ ያለፈው ሦስት ሳምንት የሰዓዲያ ትዳር ነበር። ጥፋታችሁን የምታምኑ ከሆነ፣ ለተበደለው ሰው የሚጠቅመው ጊዜ ሳያልፍ እመኑ።

እስኪ እናንተ ፍረዱ... ካርዱ አሁንም እሷ ጋ ነው፣ ምርጫውም እሁድ ነው። እናንተ በሰዓዲያ ቦታ ብትሆኑ ትለጥፉት ነበር ወይስ ዝም ትሉ ነበር? በዚያ ካርቶን ውስጥ ያሉት የቀሩት ልጆችስ ዕድሜያቸውን ከማን ይጠይቁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...