ከኋላ ወንበር ስር የሚጮኸው

የመኪና ቴፕ ሲጮህ መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሞተር ሲነሳ ብቻ ነው ወይስ ጠፍቶም ይጮሃል? ከሞተሩ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ጣጣው ከዲናሞው ነው፤ ወይ ደግሞ የግራውንድ ሽቦው ላልቷል። ሰዲቅን ይህን ያስተማረው ሰው የለም። ወሎ ሰፈር የከፈታት ጠባብ ሱቅ ደንበኛ ባጣች ቁጥር ከዩቲዩብ የለቀመው ነው።

ግራጫዋ ቪትዝ ግን ሞተሯ ጠፍቶም ትጮሃለች።

«ሁለት ቦታ አሳይቼ አላገኙትም» አለ ባለመኪናው። አብኔዘር ይባላል፤ አርባ የሚሆነው ሳቂታ ሰው ነው። «ትር፣ ትር፣ ትር ይልና ጥዝዝ ብሎ ያቆማል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። ዛሬ ሩቅ መንገድ አለብን፤ በዚህ ጩኸት አልሄድም።»

ሚስቱ ፊዮሪ ከኋላ ተቀምጣለች። የፊተኛው ወንበር ባዶ ነው። ሰዲቅ ሰላም ሲላት ፊቷን አዞረች።

«እኔን ጩኸቱ አይረብሸኝም» አለች። «ያልተበላሸ ነገር አትነካካ።»

አብኔዘር ሰዲቅን ትከሻውን ይዞ ፈንጠር አደረገው። «አትፍረድባት፣ ተኮራርፈን ነው። ቀናተኛ ናት። ባለፈው ቢሾፍቱ ወጣ ብንል ወንድሟ ሃይለኣብ ከየት መጣ ሳልለው ፊቴ ተገተረ። በምን እንዳወቀ ፈጣሪ ይወቅ። ይሄ መኪና መስሎሃል? እስር ቤት ነው የምነዳው።»

ሰዲቅ አዘነለት።

«ስልክ ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ» አለው። «ስልክ ለስፒከር ሽቦ ሲጠጋ እንዲህ ያደርጋል። እስቲ የሁለታችሁንም አርቁልኝ።»

አብኔዘር ከኪሱ ሁለት ስልክ አወጣ። አንደኛው ሮዝ ሽፋን አለው። ሱቁ ውስጥ ጥግ ላይ አስቀመጣቸው። ቪትዟ አሁንም ትር፣ ትር አለች።

ሰዲቅ ደስ አለው። ከዲናሞ ካልሆነ፣ ከግራውንድ ካልሆነ፣ ከስልክም ካልሆነ፣ የቀረው ሽቦውን ከቴፑ እስከ አምፕሊፋየሩ በእጅ መከተል ነው። ሽቦው በኋላ ወንበር ስር ያልፋል።

«እህቴ፣ አንዴ ትወርጂልኛለሽ?»

በሩን ከውስጥ ሞከረችው፤ እምቢ አለ። አብኔዘር ከውጪ ከፈተና ክንዷን ይዞ አወረዳት።

«የልጅ መቆለፊያው ነው» አለ ሰዲቅ፤ ሳያስረዳ ማለፍ አይሆንለትም። «ይህቺን ጫፍ ሲገፏት ይለቃል። ልጅ አላችሁ?»

«ገና ነን» አለ አብኔዘር።

ሰዲቅ ወንበሩን ነቀለ። ከምንጣፉ ስር፣ ከስፒከሩ ሽቦ ጋር በፕላስተር የተጠቀለለ፣ የክብሪት ሳጥን የሚያህል ጥቁር ነገር አገኘ። ቀና ሲል ፊዮሪ እያየችው ነው።

«ተወው» አለችው፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች። «በእናትህ።»

ለአፍታ እጁ ተያዘ። በሰው ትዳር መግባት ጥሩ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ባለሙያ ያላገኘውን ነው ያገኘው፤ እንዲህ ያለ ግኝት ደግሞ ደብቀውት አያስተኛም። ሳጥኑን አወጣው።

«ጂፒኤስ ነው፣ ጋሼ። ውስጡ ሲም ካርድ አለ፤ መኪናው የት እንደደረሰ ወደ አንድ ሰው ስልክ ይልካል። በላከ ቁጥር አጠገቡ ያለው ሽቦ ይጮሃል። የገጠመው ሰው ጀማሪ ነው፤ ትንሽ ራቅ ቢያደርገው ዕድሜ ልክዎን አይሰሙትም ነበር።»

አብኔዘር ሚስቱን አየ። አልተቆጣም።

«ተገኘሽ» አለና ፈገግ አለ።

ፊዮሪ መሬት መሬት ታያለች። ሌላ ባል ቢሆን እዚሁ ያዋርዳት ነበር ብሎ አሰበ ሰዲቅ። ነገሩን በቶሎ ወደ ሥራው ለመመለስ ሳጥኑን ከሱቁ ባትሪ ጋር አገናኘና ስፒከር አጠገብ አስቀመጠው። ትር፣ ትር፣ ትር አለ።

«አዩት?»

«እንዳታጠፋው» አለ አብኔዘር። «እንደበራ ላንተ ይሁን። ወንድሟ መጥቶ ካንተ ጋር ይጫወት።»

ሁለቱም ሳቁ። አብኔዘር ሚስቱን ከኋላ አስገብቶ በሩን ዘጋው። ፊዮሪ በመስኮቱ ወደ ሱቁ ታይ ነበር፤ ወደ ሰዲቅ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ሳጥን። ቪትዟ ጸጥ ብላ ወጣች። ሰዲቅ እንደዚያ የጠራ ቴፕ ሰምቶ አያውቅም።

ጎረቤቱን ጎማ ጠጋኙን ጠርቶ ነገሩን ከዲናሞው ጀምሮ እያስረዳው ሳለ አንድ ታክሲ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑን ከስልኩ ያልነቀለ ወጣት ወረደ፤ አንዲት ፖሊስ ተከተለችው። ወጣቱ ስልኩን አየ፣ መንገዱን አየ፣ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ትር ትር የሚለውን ሳጥን አየ።

«ይሄን እኔ ነኝ የገጠምኩት፤ እህቴ ‹ይዞኝ ከጠፋ በዚህ ድረስልኝ› ብላኝ» አለ። «የት አለች?»