አንካሳው በርጩማ

የቀበሌው ቲያትረኞች የሟች ትዝታ የሚጭነው ቆብ ከመጣላቸው ወዲህ ቃለ ተውኔት የሚያጠና የለም። ቆቡን ጥልቅ ሲያደርጉት ሟቹ የኖረው ቀን እንዳለ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል። ለሱ ቦታ ለመልቀቅ ግን ከተዋናዩ የራሱ አንድ ቀን ይወጣል፤ የትኛው እንደሚወጣ የሚመርጠው ቆቡ ነው።

ለከተማዋ መቶኛ ዓመት ተዋናዩ ምናሉ ቆቡን አጥልቆ ቆርቋሪውን ባላምባራስ ደምሰውን ሆኖ ተጫወተ። ከንቲባው «ቦታዋ አምሯቸው ነው የቆረቆሯት» ብለው ሳይጨርሱ፣ ምናሉ ባላምባራሱ ከበቅሎ ወድቀው ወገባቸው ስለተቀጨ ብቻ እዚያው እንደቀሩ እየተንከባለለ አሳየ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

እየፎከረ ቤት ገባና በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። በርጩማው ይዞት ተገለበጠ።

«ዛሬ ስንቴ ነው የምትወድቀው?» ብላ ሳቀች እናቱ ጥሩወርቅ።

«እማዬ፣ የዚህን እግር ማን ነው እንዲህ ያሳጠረው?»

ሳቋ ቆመ። ያሳጠረው ራሱ ምናሉ ነው፣ በሰባት ዓመቱ፣ ከሟች አባቱ ጋር ሲሠሩት።

ምናሉ ፊቷን አይቶ ገባው። «ከአባዬ ጋር የዋልኩት ቀን ነው ከጭንቅላቴ የወጣው?»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ማማሰያውን እንደ መጋዝ ያዘችና ድምጿን እንደ አባቱ አጎረነነች።

«አንተ ቀበጥ፣ ሳትለካ ቁረጥ ያለህ ማነው?»

ምናሉ ከወደቀበት ሳይነሳ እግሩን አጣጠፈ። «እኔስ ምን አልኩት?»

«‹አባዬ፣ ሌሎቹንም እናሳጥራቸው› አልከው።»

እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ከመጀመሪያው ድገሚው» አላት።